ዘር ያልተኩት የት ይቆጠራሉ?

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከአማኑኤል እስከ ቢቸናና ሞጣ፣ የአንድን ገበሬ ቤተሰብ ታሪክ በጣሊያን ወረራ ዘመን አልፎ ለመከተል የሚነሣ አጥኚ መጀመሪያ የሚያገኘው ወረቀት ሳይሆን የትውልድ ቆጠራ ነው። ቆጠራው ግን ለታሪክ ሲባል የተያዘ አይደለም፤ ርስት፣ ማለትም መሬቱን ካቀናው አባት ጀምሮ በአባትም በእናትም ሐረግ የሚወርድ የመሬት ድርሻ፣ በዳኛ ፊት የሚረታው ሐረጉን ሳያዛንፍ በቆጠረ ተከራካሪ ስለነበር ሽማግሌዎች በቃላቸው ይዘውት ኖረዋል።

ስለዚህ ሐረጉ የሚያስታውሰው የወለደን ነው። በ1928 ዓ.ም. ከራስ እምሩ ጦር ጋር ሽሬ ዘምቶ የቀረ፣ ወይም በላይ ዘለቀን ተከትሎ በረሃ የወደቀ ጎረምሳ ዘር ካልተካ ድርሻ የሚጠይቅለት የለምና ከቆጠራው ይወጣል። በእንግሊዝ ገጠር ነገሩ ይገለበጣል፤ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች መዝገብ አብዛኛው እ.ኤ.አ. በ1940 በለንደን የቦምብ ድብደባ ቢቃጠልም፣ ሳይወልድ የሞተው ልጅ ስም በመንደሩ መታሰቢያ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ይገኛል።

በጎጃም የድንጋዩን ቦታ የሚተካው ተዝካር፣ ለሟች ነፍስ የሚደገሰው ድግስ ነው። «አያትዎ ስንት ወንድም ነበራቸው?» ተብለው የሚጠየቁ ሽማግሌ መሬት የተካፈሉትን ይዘረዝራሉ፤ «በጣሊያን ጊዜ ተዝካር የወጣለት ማን ነበር?» ሲባሉ ግን ጥቂት ዝም ብለው ሌላ ስም ያነሣሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ካህናት ሟችን የሚያነሡት በክርስትና ስሙ ስለሆነ በቤቱ ደምሴ የሚባለው ሰው በጸሎት ወልደ ጊዮርጊስ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ያላስተዋለ አጥኚ አንዱን ሟች ሁለት አድርጎ ይመዘግባል።

ለጣሊያን ያደረ፣ በአገሩ አጠራር ባንዳ የተባለ ዘመድ የሚነሣው ከዚህም ዘግይቶ ነው፤ እሱን ፊት ለፊት ከመጠየቅ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ቤተሰቡ የተከራከረበት የርስት ነገር ካለ በዚያ በኩል መግባት ይሻላል። ርስት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ከቀረ ወዲህ ደግሞ ትውልድ የመቁጠሩ ግዴታ ስለላላ፣ ወንዶቹ ሐረጉን በዘነጉበት ቤት አሮጊቶቹ በልጅነታቸው የሰሙትን ሙሾ ይዘው ይገኛሉ፤ ሙሾው የሟቹን ስም ብቻ ሳይሆን ጠመንጃው ውጅግራ ይሁን ምንሽር፣ የወደቀውም ቆላ ይሁን ደጋ ይናገራል።