የጨረቃ ቤት ዜማ፦ የቪክቶር ሃራ «ላ ፖብላሲዮን»

የአዝማሪ ቤት ወግ የሚያውቅ ሰው «ተቀበል!» የሚለውን ጥሪ ያውቃል። ግጥሙን የሚሰጠው ታዳሚው ነው፤ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያደምቀዋል። የቺሊው የሕዝብ ዘፋኝ ቪክቶር ሃራ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣውን «ላ ፖብላሲዮን» የተሰኘ አልበም በሰማሁ ቁጥር ይህ ወግ ትዝ ይለኛል።

አልበሙ የአንድ ሰፈር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1967 ቤት አልባ ቤተሰቦች በሳንቲያጎ ዳርቻ ባራንካስ በተባለ ስፍራ ባዶ መሬት ይዘው ሰፈሩ። እኛ የጨረቃ ቤት የምንለው ዓይነት ነው። ፖሊስ ከበባቸው፤ እነሱ ግን አልተነሡም። በዚያን ጊዜ የሞተች ጨቅላ ነበረች፤ ሰፈሩም በስሟ «ኤርሚንዳ ዴ ላ ቪክቶሪያ» ተባለ። ሃራ ራሱ በድህነት ያደገ፣ በሙያው የቲያትር አዘጋጅ የነበረ ሰው ነው። መቅረጸ ድምፅ ይዞ ወደ ሰፈሩ ሄደ፤ ነዋሪዎቹን አናገረ፤ በሥራውም ጸሐፌ ተውኔቱ አሌሃንድሮ ሲዬቬኪንግ አብሮት ነበር። የነዋሪዎቹ የገዛ ድምፅ አልበሙ ውስጥ ገብቷል።

አብዛኛው የተቃውሞ ዘፈን ስለ ድሃው ይናገራል፤ ዘፋኙ ጠበቃ ይሆናል፣ ድሃው ዝም ብሎ ይቆማል። እዚህ ቦታው ተለዋውጧል። የመክፈቻውን ዘፈን እንኳ ሃራ ለራሱ አላስቀረውም፤ የዘፋኟ ቪዮሌታ ፓራ ልጅ ኢዛቤል ፓራ ትዘፍነዋለች። ከእጆቿ በቀር ሌላ ሀብት የሌላት ሴት ነገር በሴት ድምፅ መሰማቱ ትክክል ነው። «ሉቺን» ደግሞ፣ በእኔ ግምት የአልበሙ ልብ፣ ጭቃ ውስጥ በጨርቅ ኳስ ስለሚጫወት ሕፃን ነው። አጠገቡ ፈረስ አለ፣ ውሻ አለ። ጥፋተኛ በስም አይጠራም። ዜማው እንደ እሽሩሩ የለሰለሰ ነው፤ ያ ልስላሴ ነው የሚከሰው፤ አድማጩ «ይህ ልጅ ለምን ጭቃ ውስጥ?» ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋል። «ላ ቶማ» ላይ የቲያትር ሰውነቱ ጎልቶ ይወጣል፤ መሬቱ የተያዘበት ሌሊት እንደ ትዕይንት ይተረካል።

ድክመቱ መዝጊያው ላይ ነው። የነዋሪዎቹ ማርሽ ከየትኛውም ሰልፍ ላይ ተነሥቶ የመጣ ይመስላል። እስከዚያ ድረስ ስምና ጭቃ የነበራቸው ሰዎች በድንገት «ሕዝብ» ይሆናሉ። የፕሬዚዳንት አዬንዴ ዘመን ተስፋ ይህን ዓይነት መዝጊያ ይጠይቅ እንደነበር ይገባኛል፤ ሆኖም ሃራ መስማቱን ያቆመው እዚህ ላይ ነው።

በሴፕቴምበር 1973፣ ከጄኔራል ፒኖቼ መፈንቅለ መንግሥት ጥቂት ቀናት በኋላ፣ ወታደሮች በቺሊ ስታዲየም ውስጥ አሠቃይተው ገደሉት። ከዚያ ወዲህ ዘፈኖቹን የምንሰማው በሞቱ በኩል ነው። ይህን አልበም ግን በሞቱ በኩል ከሰማነው የምናገኘው የእሱን ድምፅ ብቻ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ መቅረጸ ድምፁን ያዞረው ወደ ሰፈሩ ሰዎች ነበር።