ቁጥር እስከ ምን ይመራናል? በትግራይ በተካሄዱ ሁለት የወባ ጥናቶች ላይ የቀረበ ሒስ

በአገራችን ስለ ወባ ቁጥጥር ሲነሳ ከሚጠቀሱት ሥራዎች መካከል ሁለቱ በትግራይ የተካሄዱ ጥናቶች ናቸው። አንደኛውን ዶክተር ቴድሮስ አድሃኖም ገብረየሱስና ባልደረቦቻቸው በ1999 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል፣ ሌላውን ገብረየሱስ ኪዳነና ሪቻርድ ሞሮው በ2000 በላንሴት አሳትመዋል (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጥናቶቹ ዘወትር የሚጠቀሱት ስለ ውጤታቸው ነው። እኛ ግን ሳይንስ ምን ያህል ሊመራን እንደሚችል፣ ከየት ላይስ መቆም እንዳለበት ለመመርመር እናነሳቸዋለን።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ድርቅን ለመቋቋም በትግራይ በአሥር ዓመት ውስጥ 500 ትናንሽ ግድቦችን ለመገንባት ታቅዶ ነበር። ዓላማው የሚነቀፍ አልነበረም፤ የ1977ቱን ረሃብ ገና በኢትዮጵያ አቆጣጠር እየጠራ የሚያስታውስ ሕዝብ ውኃ ይገደብልህ ሲባል እምቢ አይልም። ሆኖም 500 የሚለው አኃዝ ከሸለቆዎቹ ጥናት ይልቅ የፍላጎቱን መጠን የሚገልጽ ይመስላል። በመጨረሻ የተሠራው የእቅዱ አንድ አሥረኛ ገደማ ሲሆን፣ ከተሠሩትም በርካቶቹ በደለል ሲሞሉና ውኃቸው ወደ መሬት ሲሰርግ ታይቷል። ሥልጣን ሰውን ሊያዝ ይችላል፤ ደለልን ግን አያዝም።

የ1999ኙ ጥናት የመረመረው የእነዚህን ግድቦች ሌላ ገጽታ ነው። በግድቦች አቅራቢያ የሚገኙ ስምንት መንደሮች፣ በከፍታ ከሚመሳሰሏቸውና የወባ ትንኝ በርራ ከማትደርስባቸው ስምንት መንደሮች ጋር ተነጻጸሩ። ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች ከሆኑ 1000 ሕፃናት መካከል በወር የታየው የወባ ሕመም በግድብ አጠገብ 14.0፣ ከግድብ በራቁት ደግሞ 1.9 ነበር። ልዩነቱ ሰባት እጥፍ ነው። የጥናቱ አሠራር ጠንቃቃ፣ መልእክቱም ግልጽ ነው፤ ግድብ ሲሠራ ወባን የመከላከል ሥራ አብሮ ይታቀድ የሚል ነው።

ነገር ግን ጥናቱ የቆጠረው ትኩሳትን ብቻ ነው። በመስኖ የተገኘውን እህል፣ ለከብት የተረፈውን ውኃ፣ ወይም ለቤተሰቡ የገባውን ገቢ አልቆጠረም። ስለዚህ ቁጥሩን ይዞ «ግድብ ይቁም» የሚልም ሆነ «ልማትን ያደናቅፋል» ብሎ ወደ ጎን የሚገፋው ሰው፣ ሁለቱም ጥናቱ ያላለውን ያስብሉታል። አንድ ሕፃን በወባ የሚንቀጠቀጥበት ሳምንት በስንት ኩንታል ጤፍ ይመነዘራል? ለዚህ መልስ የሚሰጥ የሳይንስ ዘርፍ የለም። ሚዛኑ ውኃውን የሚጠጣውና ሕፃኑን የሚያስታምመው ሰው እጅ ላይ ነው። እርሱም ቢሆን ያልተነገረውን ሊመዝን አይችልም። የባለሙያው ግዴታ እዚህ ላይ ነው፤ ሰባት እጥፍ የሚለውን ቃል ግድቡ ሳይጀመር፣ በሕዝቡ ቋንቋ፣ በሕዝቡ ስብሰባ ላይ ማቅረብ።

ሁለተኛው ጥናት የተካሄደው በሁለት ወረዳዎች በሚገኙ 24 ጣቢያዎች ነው። በግማሾቹ ውስጥ የተመረጡ እናቶች ሠልጥነው ሌሎች እናቶች የወባን ምልክት እንዲለዩና ክሎሮኩዊን ቶሎ እንዲሰጡ አስተማሩ። በ1997 ከ1000 ሕፃናት መካከል የሞቱት እናቶች በተማሩባቸው ጣቢያዎች 29.8፣ በሌሎቹ ደግሞ 50.2 ነበሩ። ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ሞት በ40 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው።

ከዚህ ውጤት ምን እንማር? «መድኃኒቱ ሠራ» ብንል አናተርፍም። ፋልሲፓረም ለተባለው የወባ ዓይነት ክሎሮኩዊን በ1998 በፋንሲዳር፣ እርሱም በ2004 በኮአርተም ተተክቷል። ጽሑፉ በ2000 ሲታተም መድኃኒቱ ከመመሪያው ወጥቶ ነበር። ያላረጀው ትምህርት ሌላ ነው፤ ስለ መድኃኒት ቃል ለመተንፈስ ሥልጣን የላትም ትባል የነበረች የገጠር እናት፣ በአግባቡ ከተነገራት ሞትን ከደጃፏ ትመልሳለች። ይህንንም ለማወቅ ንጽጽር አስፈልጓል። በንጽጽሩ ጣቢያዎች በዚያው ዓመት 366 ሕፃናት ሞተዋል። እውቀቱ ያለ ዋጋ አልተገኘምና፣ 40 በመቶውን ጠቅሰን እናቶቹን ከረሳን ዕዳ አለብን።

«ከባለቤቱ በላይ ያወቀ ቡዳ ነው» ይባላል። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። ሐኪም ከባለቤቱ በላይ የሚያውቀው አለው፤ ዛሬ ወባ ሳይመረመር አይታከም የሚለው መመሪያም ትክክል ነው፤ የ1997ቱን አሠራር እንዳለ እንመልስ የሚል ካለ ይሳሳታል። ነገር ግን ከቆላ ወረዳ ተነሥታ መቀሌ የደረሰችን እናት «አደይ፣ ለምን ዘገየሽ?» ብለን ስንገሥጽ የሚናገረው ሳይንሱ አይደለም፤ ነጭ ጋውኑ ነው። እርሷ የመንገዱን ርቀት፣ ቤት የተዋቸውን ልጆች፣ የአጨዳውን ጊዜ መዝናለች። ከእነዚህ አንዱንም በማይክሮስኮፕ አናየውም። ስለዚህ በየዕለቱ ሥራችን «ይህ በምርመራ የተረጋገጠ ነው» እና «ይህ የእኔ ምክር ነው» የሚሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መለየት ይገባናል፤ በመጀመሪያው ልንጸና፣ በሁለተኛው ግን ልንጠይቅና ልንደመጥ።

ይህ የትሕትና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት የትግራይ የጤና ተቋማት በስፋት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋልም። በተቋሙ መዝገብና በባለሙያው ጭንቅላት ብቻ የተቀመጠ እውቀት በሩ ሲዘጋ አብሮ ተቆልፏል። ዛሬ ጤና ጣቢያዎችን መልሰን ስናቋቁም ግድግዳውንና ማቀዝቀዣውን እንቆጥራለን፤ መቁጠራችንም ተገቢ ነው። በየጣቢያው ስንት እናቶች የከባድ ወባን ምልክት ለጎረቤታቸው ማስረዳት እንደሚችሉም በዚያው ሪፖርት ላይ አንድ ዓምድ ይከፈትለት።