የጆን ቻውኒንግን ሙዚቃ ማን ሰማው?

ጆን ቻውኒንግ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ፈጠራው ነው። ሰውየው ግን ከበሮ መቺ ነበር፤ ፕሮግራሚንግ የተማረው 30 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ስታንፎርድ ውስጥ የአንዱን ሞገድ ፍሪኩዌንሲ በሌላ ሞገድ በፍጥነት ሲያወዛውዝ፣ ከሁለት ተራ ሞገዶች ደወል የሚመስል ድምፅ ወጣለት። ያማሃ ፈቃዱን ገዝቶ በ1983 ዲኤክስ7ን አወጣ፤ የዘመኑ ፖፕ በዚያ ድምፅ ተሞላ። አቀናባሪው ግን ተረሳ።

ለእኔ ትልቁ ሥራው በ1977 ያቀረበው «ስትሪያ» ነው። እዚህ የለመድነው ኦክታቭ የለም፤ ስኬሉ ዞሮ የሚጀምረው ፍሪኩዌንሲው በ2 ሳይሆን በ1.618 ሲባዛ ነው። ያው ቁጥር የእያንዳንዱን ድምፅ ውስጣዊ ቀለምም ይወስናል። ኮድ ለምንጽፍ ሰዎች ነገሩ ግልጽ ነው፦ አንድ ሕግ ትንሹንም ትልቁንም ይሠራል።

መጀመሪያ ስትሰሙት ዜማ ታጣላችሁ፣ ቅዝቅዝም ይላል። ትንሽ ስትታገሱት ግን ባዕድ የመሰላችሁ ድምፅ ሁሉ እርስ በርሱ ሲስማማ ጆሯችሁ ይደርስበታል። ሒሳቡን ማወቅ ግድ አይደለም።

በ1975 ከባልደረቦቹ ጋር ስታንፎርድ ውስጥ ያቋቋመው የኮምፒውተር ሙዚቃ ማዕከልም ሙዚቀኛና ኢንጂነርን አብሮ ያስተምራል። እኛ ኢንጂነሮች ከዚህ ሰው ፎርሙላውን ወስደናል፤ ማዳመጡን ግን ገና አልተማርንም።