ቡራንቡር፣ ሲታድና የሴት ገጣሚ መነሻ፦ ከባቢሌ እስከ ጅግጅጋ

ከሐረር ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ባቢሌ፣ የኦሮሞና የሶማሌ ሕዝቦች በገበያ፣ በጋብቻና በሃይማኖት ተሳስረው የሚኖሩባት፣ በአንድ ቀን ውሎም ከአንድ በላይ ቋንቋ የሚሰማባት ከተማ ናት። ከእሷ ተነሥቶ በጅግጅጋ በኩል እስከ ቀብሪበያህና ቶጎ ውጫሌ በሚዘልቀው ምድር የሶማሌ ሴቶች ግጥም የራሱ ስም፣ የራሱ ምጣኔና የራሱ ሸንጎ ያለው ነባር ጥበብ ነው። የኢትዮጵያ የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ግን ጅግጅጋን የሚያነሣት በሌላ ምክንያት ነው፤ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን የመጀመሪያውን ዘመናዊ ተውኔት የጻፉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ የጅግጅጋ ገዥ ነበሩና። የአንድ ገዥ ብዕር ከተማዋን በታሪኩ ውስጥ ሲያስገባት፣ በዚያው ዘመን በዙሪያዋ በሴቶች ጉባኤ ይገጠም የነበረው ቃል ከታሪኩ ውጭ ቀርቷል። ዛሬ ከሴቶች ግጥም መነሻ የምትፈልግ ጸሐፊ ይህ ቃል ለምን ስም አልባ ሆኖ እንደደረሳት ካልመረመረች፣ ውርሱን በጥራዝ ነጠቅነት ከመውሰድ አታልፍም።

በሶማሊኛ ግጥም ሰፊ የሆነ የክፍል ልዩነት አለ። ማንሶ የሚባለው ባለቤቱ የሚታወቅ፣ አስቀድሞ ታስቦበት የተገጠመና ቃሉ ሳይለወጥ የሚነገር ግጥም ሲሆን፣ ሄስ የሚባለው ደግሞ ከሥራ፣ ከጭፈራና ከጨዋታ ጋር የሚዜም፣ ገጣሚው የማይጠየቅለት ዘፈን ነው። በማንሶ ውስጥ ገባይ፣ ጂፍቶና ጌራር ለወንዶች ሲሰጡ፣ ከዚህ ከፍ ካለው ክፍል ለሴቶች የተተወው ቡራንቡር ብቻ ነው። ቡራንቡር በሠርግም ሆነ በሌላ ጉባኤ ላይ አንዷ ቆማ ስትገጥም፣ ሌሎቹ እያጨበጨቡና ከበሮ እየመቱ የሚያጅቡት ነው። የአማርኛ ግጥም በስንኝ መጨረሻ ቤት ሲመታ፣ የሶማሊኛው ገጣሚ የሚታሰረው በቃላት መነሻ ድምፅ ነው፤ ሐረፍራዕ በተባለው በዚህ ሕግ መሠረት አንድ ጊዜ የተመረጠው ድምፅ ግጥሙ እስኪያልቅ ድረስ በየስንኙ መመለስ አለበት። ምጣኔው የቆመው ደግሞ በአናባቢዎች ርዝመትና አጭርነት ላይ ሲሆን፣ ይህም በጽሑፍ መተንተን የጀመረው ገጣሚው መሐመድ ሐሺ ዳማዕ፣ በቅጽል ስሙ ጋርዬ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ግኝቱን በጋዜጣ ካወጣ በኋላ ነው። ሊቃውንቱ ስም ሳያወጡለት ይህን ሕግ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች በጆሯቸው ብቻ ጠብቀው ይዘውት ነበር፤ ይህን እውቀት «ተፈጥሯዊ ተሰጥኦ» ብሎ ማለፍም ድካማቸውን መካድ ይሆናል።

ታዲያ ይህን ያህል ጥብቅ የሆነ ጥበብ ባለቤቶቹን እንዴት አጣ? አንድርዜየውስኪና ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት የሶማሊኛ ግጥም መግቢያ ላይ እንዳሳዩት፣ የገባይ አስታዋሽ ግጥሙን በቃሉ ይዞ ከሰፈር ሰፈር ሲያዞር የገጣሚውን ስም የመጥራትና ቃሉን ያለመለወጥ ግዴታ ነበረበት። የወንድ ግጥም በዚህ ልማድ ተሸካሚ ስላገኘ ከመቶ ዓመት በኋላም ከነባለቤቱ ይታወቃል። የሴቶቹ ቡራንቡር ግን በአብዛኛው በሴቶች መካከል ተገጥሞ እዚያው ይቀር ነበር፤ ዘይነብ መሐመድ ጃማ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው ጥናት የሴት ገጣሚዎች ትግል ለመደመጥ የሚደረግ ትግል መሆኑን ያመለከተችውም ይህን በመሰለ ምክንያት ነው። የጎደለው የሚደግመው ሰው ነበር፤ ገጣሚዋማ ሁልጊዜም ነበረች።

የማንሶና የሄስ ክፍፍል ራሱም ከአድልዎ ነጻ አይደለም። ሴቲቱ ወተት ስትንጥ፣ የቤቷን ምንጣፍ ስትሠራ ወይም ልጇን ስታባብል የምታዜመው ሁሉ «ሄስ» ተብሎ ስለተመደበ፣ ባለቤቷን መጠየቅ አስፈላጊ ሳይሆን ቀረ። ሆቤዮ የሚባለው እሹሩሩ ግን ሲመረመር የተለየ ጥበብ ይገለጣል፤ እናቲቱ የምታናግረው ቃል የማይሰማውን ሕፃን ይሁን እንጂ፣ ነገሩ የሚደርሰው ከመጋረጃው ወዲያ ለተቀመጠው ባል ወይም ለአማቲቱ ነው። በግልጽ ቢነገር ጠብ የሚያስነሣው ብሶት በልጅ ስም ተሸፍኖ ይወጣል፣ አድማጩም ሰምቶ እንዳልሰማ ለመሆን መንገድ ያገኛል። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንም፤ ልዩነቱ ወርቁ የተሸሸገው በቃሉ ድርብ ትርጉም ውስጥ ሳይሆን በተናጋሪዋና በሁለት አድማጮቿ መካከል መሆኑ ነው። ሊድዊን ካፕታይንስ ከመርየም ዑመር ዓሊ ጋር በመሥራት እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተመችው ጥናት እነዚህን የሥራና የእሹሩሩ ዜማዎች ከታላላቆቹ ግጥሞች ጎን አቁሞ ማንበብ እንደሚቻል ስላሳየ፣ ለዚህ አካባቢ ተመራማሪ ትልቅ ባለውለታ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለጸሐፊ መነሻ የሚሆነው ሲታድ ነው። ሲታድ ሙስሊም ሴቶች ብቻቸውን ተሰብስበው፣ ዕጣን ተጭሶ፣ ከበሮ እየተመታ፣ ሐዋንን፣ የነቢዩን እናት አሚናን፣ ኸዲጃንና ፋጢማን የሚያወድሱበት መንፈሳዊ ዝማሬ ነው፤ ለመውለድ የተቃረበች ሴት ስትኖርም ይዜምላታል። በወንዶች የዘር ሐረግ በሚቆጠር ማኅበረሰብ ውስጥ፣ በዚህ ጉባኤ ለጥቂት ሰዓታት የእናቶች ሐረግ ይቆጠራል። አንዷ ዘማሪ የቀደሙትን እናቶች ስም በየተራ ስትጠራ፣ በምጥ ፊት የቆመችው ሴት በዚያ ሐረግ መጨረሻ ላይ ራሷን ታገኛለች። ቨርጂኒያ ዎልፍ እ.ኤ.አ. በ1929 ሴት ለመጻፍ ገንዘብና የራሷ የሆነ ክፍል ያስፈልጋታል ስትል ብቸኝነትን የፈጠራ ቅድመ ሁኔታ አድርጋ ነበር፤ የሲታድና የቡራንቡር ሴቶች ግን የሚገጥሙት ተቀባይ ሲኖራቸው፣ አጨብጫቢ ሲያጅባቸው ነው። ሁለቱ የሚገናኙት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፦ የክፍሉም ሆነ የጉባኤው በር ለወንድ ዝግ መሆን አለበት።

ይህ ውርስ ወደ መጽሐፍ እንዴት እንደሚሻገር የሚያሳዩ ሥራዎች በስደት ባሉት ሶማሌዎች ዘንድ ቀድመዋል። የሐዋ ጅብሪል ቡራንቡሮች እ.ኤ.አ. በ2008 በካናዳ የታተሙት ልጇ ፋዱማ አሕመድ ዓሊም ተርጉማቸው ነው፤ አስታዋሽ ያልተመደበለት ግጥም በመጨረሻ አስታዋሹን ያገኘው በገጣሚዋ ቤት ውስጥ ነበር። አሻ ሉል መሐሙድ ዩሱፍ በበኩሏ ለሴት ያልተተወውን ገባይን ራሱን ይዛ ተነሥታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በእንግሊዝ የታተመው የባሕር ስደት መድበሏ በዚያው ድምፅ የመመለስ ሕግ የተገነባ ነው። ዋርሰን ሽሬ ደግሞ በእንግሊዝኛ እየጻፈች የእናቶችንና የአክስቶችን ወግ የግጥሟ መሠረት አድርጋለች። የሁለቱ ውሳኔ አንዱ ሌላውን አይሽርም፤ ይሁንና ለጅግጅጋ ወጣት ገጣሚ የአሻ ሉል መንገድ የበለጠ ሊያስተምር ይችላል፣ ምክንያቱም ጭብጡ በየትም ሊገኝ ሲችል ቅርጹን የሚያስተምር መምህር ግን እየተመናመነ ነው።

በዚህ አካባቢ የሚሰበሰበው ነገር ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ከሐርጌሳ የሸሹ ሰዎች የሰፈሩበትና እ.ኤ.አ. በ2004 የተዘጋው የሃርቲሼክ መጠለያ፣ ዛሬም ስደተኞች የሚኖሩበት ቀብሪበያህ፣ ሁለቱም ሴቶች ስደትን ያዩባቸውና ልጅ ያሳደጉባቸው ስፍራዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 ለሶማሊኛ በላቲን ፊደል የተደነገገው አጻጻፍ አለ፣ በክልሉ ትምህርት ቤቶችም ቋንቋው ይነበባል፤ የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲም ቅርብ ነው። ግጥሙን የማሰባሰቡ ሥራ ከቃሉ ጋር የገጣሚዋን ስም በፈቃዷ፣ የተመረጠውን ድምፅ፣ የተገጠመበትን ምክንያትና መልስ የሰጠችውን ሴት አብሮ መያዝ ይኖርበታል፤ በባቢሌ ደግሞ የኦሮሞ እናቶች የሠርግና የአቴቴ ዜማዎች ከሶማሊኛው ጎን ካልተመዘገቡ፣ አንዲት የባቢሌ ልጅ በሁለት ጆሮዋ የሰማችው ነገር በአንድ ጆሮ እንደተሰማ ሆኖ ይቀራል። የሲታድ ጉባኤ ወንድ የማይገባበት ስለሆነ መቅረጫውን ይዘው መግባት የሚችሉት ሴቶች ናቸው፤ ሥራው መጀመር ያለበትም እነሱን በማሠልጠን ነው።