ዓለሙ ሰፊ ነው፤ ጨዋታውስ?

ተጫዋቹን በሰፊ ምናባዊ ዓለም እንደ ልቡ የሚያዘዋውር አርፒጂ (የሚና ጨዋታ) ጌም ሲገጥመኝ፣ ከካርታው ስፋት በፊት የማየው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ዓለም በራሱ ሕግ የቆመ ነው ወይስ በእኔ ልክ እየተሰፋ የሚሄድ?

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው «ኦብሊቪየን» በዚህ ፈተና ይወድቃል። የተጫዋቹ ሌቭል ባደገ ቁጥር ጠላቶቹም አብረው ያድጋሉ። መንገደኛ የሚዘርፍ ተራ ሽፍታ ቆይቶ እጅግ ውድ የሆነ ጥሩር ለብሶ ብቅ ይላል። ታዲያ መጠንከራችን ምን ፈየደ?

በ2001 ጀርመኖች የሠሩት «ጎቲክ» ግን አውሬውን ባለበት ይተወዋል። ዛሬ የገደለንን ነገ ሠልጥነን እንመለስበታለን። ጀማሪው የአንድ እጅ ሰይፉን በሁለት እጁ ጨብጦ ይንገዳገዳል፤ አሠልጣኝ ዘንድ ሄዶ ሲማር አያያዙም አመታቱም ይለወጣል። እድገት ከቁጥር አልፎ በሰውነት ላይ ሲታይ እንዲህ ነው፤ ከዚህ የሚያምር አሠራር ብዙ አላየሁም።

«ኤልደን ሪንግ» (2022) ይህንኑ አስፍቶታል። ገና በመጀመሪያው ሜዳ ወርቃማ ጥሩር የለበሰ ፈረሰኛ ቆሞ ይጠብቃል። ጀማሪ ከገጠመው አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። መሸሽም፣ ዞሮ ማለፍም፣ ጠንክሮ መመለስም እንደሚቻል ያለ አንዳች ማብራሪያ የሚያስተምረው እሱ ነው።

ሁለተኛው ፈተና መንገድ ፍለጋው ነው። በ«ሞሮዊንድ» (2002) የሚሽኑን ቦታ የሚጠቁም ቀስት የለም፤ ሰዎች የነገሩንን ምልክት ይዘን እንፈልጋለን። ውጊያው እርግጥ ደካማ ነው፤ ሰይፉ ጠላትን ሲነካ በዓይናችን እያየን ስሌቱ «ሳተ» ይለናል። «ስካይሪም» (2011) ላይ ቀስቱ ቢጠፋ ብዙ ሚሽን ያስቸግራል፣ ሰዎቹ አቅጣጫ በቅጡ አይናገሩምና። ፍላጻ የወረወረ በፍላጻ፣ የሰረቀ በስርቆት የሚጎለብትበት ሥርዓቱ ግን ዛሬም ያስቀናል።

«ዊቸር 3» (2015) በውጊያው መካከለኛ ነው፤ አሻራ ፍለጋውም በቀይ የደመቀ ዱካ መከተል ብቻ ነው። ክብሩ ያለው በውሳኔ ላይ ነው። በዛፍ ሥር የታሰረችውን መንፈስ መፍታት ወይም መግደል የሕፃናትንና የአንድ ባሮንን ቤተሰብ ዕጣ ይወስናል፤ ውጤቱ የሚመጣው ግን ዘግይቶ ስለሆነ ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም አይመችም።

በጨዋታ አሠራር ብቻ ከተመዘኑ ለእኔ ቀዳሚው «ኤልደን ሪንግ» ነው። እናንተም አዲስ ጌም ስትጀምሩ ቦታ ጠቋሚውን ቀስት አጥፉና ሂዱ የተባላችሁበትን ትታችሁ ወደ ሌላ አቅጣጫ ተጓዙ፤ ጥራቱ እዚያ ይታወቃል።