የእንጉዳይ ኢንዛይምና የሰው ፊት

ከዕፅዋት በወጣ መዓዛማ ዘይት ቆዳን ስለማንጣት የሚታተሙ ጥናቶችን ደጋግማችሁ ብታነቡ አንድ መደምደሚያ ይመላለስባችኋል፦ ዘይቱ ታይሮሲኔዝን ስለሚገታ ለፊት ክሬም ተስፋ ሰጪ ነው። እሺ፣ ግን የማንን ታይሮሲኔዝ?

ታይሮሲኔዝ መዳብ ያለበት ኢንዛይም ነው፤ ለቆዳችን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ሲሠራ የመጀመሪያውን እርምጃ የሚያስኬደው እሱ ነው። ሥራው ከቀነሰ ሜላኒኑም ይቀንሳል። እስከዚህ ድረስ ሐሳቡ ልክ ነው። ችግሩ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሞከረው ከእንጉዳይ በወጣ ኢንዛይም መሆኑ ነው። የእንጉዳዩ ተዘጋጅቶ ይሸጣል፤ የሰውን ማዘጋጀት ግን ያደክማል።

ሁለቱ አንድ አይደሉም። በ2018 የታተመ ጥናት 50,000 ውህዶችን በሰው ኢንዛይም ላይ ፈትሾ ታያሚዶል የተባለውን መረጠ። ታያሚዶል የሰውን ኢንዛይም ሥራ በግማሽ ለመቀነስ 1.1 ማይክሮሞላር ሲበቃው ለእንጉዳዩ 108 አስፈልጎታል፤ መቶ እጥፍ ገደማ! ኮጂክ አሲድ ደግሞ የእንጉዳዩን በደንብ ገትቶ በሰው ላይ ደካማ ሆነ። የዘይት ጥናቶቹ ውጤታቸውን የሚያወዳድሩት ግን በዚሁ በኮጂክ አሲድ ነው።

ምህንድስና ስለተማርኩ ይሆናል፣ የዘይቱ ጉዞም ይቆረቁረኛል። መዓዛማ ዘይት ይተናል፤ የሚሸተንም ለዚሁ ነው። ፊት ላይ ከተቀባው ስንቱ ተነነ? ስንቱስ ሜላኒን የሚሠሩት ሴሎች ወዳሉበት፣ ወደ ላይኛው የቆዳ ሽፋን ግርጌ ደረሰ? ብዙውን ጊዜ አይለካም።

ከሁሉ የምታናድደኝ «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የምትለዋ ናት። ከሎሚና ከቤርጋሞት ልጣጭ ተጨምቆ የሚወጣ ዘይት ቤርጋፕቴን የሚባል ውህድ አለው። ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ከዚያም ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ሊያነጣ የተቀባው አጠቆረ ማለት ነው። የሽቶ ኢንዱስትሪው ዓለም አቀፍ ማኅበር፣ ተቀብተን በማንታጠበው ምርት ውስጥ የቤርጋሞት ዘይት ከ0.4 በመቶ እንዳይበልጥ የወሰነው በዚህ ምክንያት ነው። በእንፋሎት ሲወጣ ግን ቤርጋፕቴን ከዘይቱ ጋር ስለማይተን ችግሩ በእጅጉ ይቀንሳል። ስለዚህ ዘይቱ በምን ዘዴ እንደወጣ ያልጻፈ ጥናት ዋናውን ነገር ዘሎታል።

ቤት ውስጥ ሎሚ ጨምቃችሁ ፊታችሁን የምትቀቡ ካላችሁም ጭማቂው ከዚሁ ወገን የሆኑ ውህዶች አሉት፤ ቀብታችሁ ፀሐይ ላይ አትውጡ።