ፍሬው ምን በደለ?

በጅማ ከተማ፥ በኪቶ ፉርዲሳ፥ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከጎረቤቴ ቤት ቡና ተጠርቼ ሳለሁ በግድግዳው ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ አየሁ። በሥዕሉ ላይ ሔዋን ቀይ ፖም ለአዳም ታቀብላለች፤ እባቡም በግንዱ ላይ ተጠምጥሞ ይመለከታል። ከተማሪዎቹ አንዱ፥ «ጋሼ፥ በአንዲት ፖም ምክንያት ዓለም ሁሉ መቀጣቱ ፍርድ ነው ይላሉ?» ሲል ጠየቀኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔም የሚሆን መልስ ስላጣሁ ፈገግ ብዬ አለፍሁት። ውድ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ያን ዕዳዬን ዛሬ ልክፈል።

በመጀመሪያ ሥዕሉን እንመርምር። ኦሪት ዘፍጥረት የፍሬውን ስም ከቶ አይናገርም። አዳምና ሔዋን ከበሉ በኋላ የበለስ ቅጠል መስፋታቸው ግን ተጽፏል፤ በአገራችንም ዛፉ ዕፀ በለስ ይባላል። ሙሉው ቃል በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየልን መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ ፍሬውን ከወይን ዘለላ ጋር ያመሳስለዋል። ፖም የምዕራባውያን ልማድ ነው። በላቲን «ማሉም» የሚለው ቃል ክፉ ነገርንም ፖምንም ያመለክታልና ሁለቱ ለመቀራረብ አልተቸገሩም። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሚልተን በ1667 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ድርሰቱ ፖም ሲለው፥ ሚካኤል አንጄሎ ግን ከእርሱ አስቀድሞ በሮም በሲስቲን ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ የበለስ ዛፍ ሣለ። ከእኛ ጋር ቡና ይጠጡ የነበሩ አንድ ሐጂም፥ «በቁርዓንም የዛፉ ስም አልተጠቀሰም። የተሳሳቱት ሁለቱም ናቸው፥ ምሕረት የለመኑትም ሁለቱም ናቸው» አሉን። እንግዲህ ሥዕሉ በደሉን በፖምና በሴቲቱ ላይ ብቻ መጫኑ ከመጻሕፍቱ የተገኘ አይደለም።

የሕዝብ አነጋገርም የራሱ መንገድ አለው። ዕድል የገጠመውን ሰው «በለስ ቀናው» እንላለን። ዘፈኑና ፊልሙ ደግሞ «የተከለከለ ፍሬ» የሚለውን ቃል እንደ ቅመም ይነሰንሱታል፤ ነገሩ መከልከሉ ብቻ ጣፋጭ የሚያደርገው ይመስል።

እኔ ግን ከታሪኩ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የእባቡ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ፈጣሪ ከአንዱ ዛፍ በቀር ሁሉን ፈቅዶ ሳለ፥ እባቡ ግን ከዛፎቹ ሁሉ እንደ ተከለከሉ አድርጎ ጠየቀ። ሔዋንም ስትመልስ «አትንኩት» የሚል ቃል ጨመረችበት። ስለዚህ የማታለል መጀመሪያው ትእዛዝን ማቃለል ብቻ ሳይሆን ማጋነንም ነው።

ለዚህ ምስክሩ በእጃችን የነበረው ሲኒ ነው። ይህ የጅማና የከፋ በረከት ራሱ አንድ ጊዜ የተከለከለ ፍሬ ነበር። በመካ ከተማ ኻይር ቤግ የተባለው ሹም በ1511 እ.ኤ.አ. ቡናን ከለከለ፤ ክልከላው ግን ብዙ ሳይቆይ ተነሣ። በአገራችንም እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ድረስ ቡና መጠጣት የእስልምና ልማድ ነው ተብሎ በብዙ ክርስቲያኖች ዘንድ ይነቀፍ ነበር። ኋላ ግን ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ጠጡት። እነሆ ዛሬ መስቀል ያሰረውም ሙስባሐ የያዘውም ከአንድ ጀበና ይቀዳለታል። ፍሬው አልተለወጠም፤ ሰው ጎረቤቱን ለመለየት ያጠረው አጥር ፈረሰ እንጂ።

«እንግዲያውስ ክልከላ ሁሉ ከንቱ ነው» እንዳትል ግን የራሴን ጥፋት ልንገርህ። ታናሽ ወንድሜን ከጫት ላርቀው ፈልጌ፥ «ይህ የሰይጣን ቅጠል ነው፤ አንድ ቀን የቃመ ያብዳል» አልሁት። ጓደኞቹ ሲቅሙ አየ፤ ማንም አላበደም። ከዚያ ቀን ወዲህ ቃሌን ሁሉ ናቀ። ጫት እንቅልፍን እንደሚነሣ፥ ገንዘብንና የጥናት ሰዓትን እንደሚበላ እውነቱን ነግሬው ቢሆን ኖሮ ምናልባት በሰማኝ ነበር። እኔ ግን እውነቱ አነሰኝና ጨመርሁበት። እርሱ ትምህርቱን በሁለተኛው ዓመት ተወ፤ እኔም ዛሬ ድረስ ከዐይኑ እሸሻለሁ።

ስለዚህ ልጄ፥ ለጥያቄህ መልሴ ይህ ነው። በዚያ ታሪክ የተሰበረው መታመን ነው እንጂ የጠፋው አንድ ፍሬ አይደለም። አንድ ነገር ሲከለከልህ፥ «የከለከለኝ ማን ነው? ለማን ጥቅም? ምክንያቱስ እውነት ነውን?» ብለህ ጠይቅ። እውነት ሆኖ ካገኘኸው፥ ማንም ሳያይህ እንኳ ጠብቀው። አንተም በተራህ ታናሽህን ስትከለክል፥ በእውነቱ ላይ አንዲት ቃል አትጨምር።